ቀን የሚጠይቀው ኮምፒውተር

«አይወጣም አልኩ፤ አይወጣም።»

የሟቹ ሚስት የክፍሉን በር በሰውነቷ ዘግታ ቆማለች። የሟቹ እህት ለለቀስተኛ ወንበር ቦታ ጠበበ ብላ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ጓሮ ልታስወጣው ገመዱን መንቀል ጀምራ ነበር።

«ለምንሽ ነው? አይሠራልሽ።»

«ሲሠራ ካየሁት በኋላ ይወጣል።»

ለቅሶ ቤት መጨቃጨቅ ነውር ነውና እህትየው እጇን ሰበሰበች፤ ፊቷ ግን እንደ ጠቆረ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ሟቹ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነበር። ዓለም ሁሉ በክንድ የሚታቀፍ ስስ ማሽን ሲገዛ፣ እሱ ያንን እንደ ሣጥን የከበደ ነገር የሙጥኝ ብሎ ኖረ። አንድያ ልጃቸውን መኪና ገጭቶ ከገደላት ወዲህ ደግሞ የባሰ ሆነ። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ በሩን ዘግቶ እሱ ፊት ይቀመጣል። ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትገባ የምታገኘው ጀርባውን ነው።

ልጅቷ የሞተች ጊዜ አላለቀሰም። እናትየው ራሷን ስትጥል «ይብቃሽ» ብሏት ወደዚያው ክፍል ገባ። ከዚያ በኋላ የልጅቷ ስም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷ ካነሣችበትም ብድግ ብሎ ይሄድና ማሽኑን ያስነሣል። አሁን ታዲያ እሱም ሞተና የእሷም ዓይን ደረቀ። ሰው «አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» ቢላት እንባው ከየት ይምጣ? የሚያብሰለስላት ጥያቄ አለ። ይህ ሰው ለልጁ አዝኖ ያውቃል? አዝኖ ከሆነ ሐዘኑ ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም።

ሳሎን ውስጥ እህትየው ወንድሟን ታወድሳለች። ወንድ ማለት እሱ ነበር፤ ልጁን ሲቀብር እንኳ አንዲት ጠብታ አልወጣውም አለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ድንጋይስ መቼ ያለቅሳል» አለች ሚስትየው ለራሷ። አጠገቧ ያለችው ጎረቤት ሰምታ እንዳልሰማች ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ የእህትየው ልጅ ከሥራ ቦታው መጣ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት። ሳይቀመጥ ሚስትየው እጁን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባችው። ሲያበራው ማራገቢያው ተሽከረከረ፣ የሆነ ነገር እየቆየ ጢጥ ጢጥ አለ፤ መስታወቱ ግን እንደ ጨለመ ቀረ።

«ሚሞሪው ነው የሚያስጮኸው» አላት። ክዳኑን ፈታው። ውስጡ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። የሚሞሪውን ትንንሽ ሰሌዳዎች ነቅሎ ጥርሳቸውን በላጲስ እየፈተገ፣ «አጎቴ እምቢ ሲለው ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ጎኑን መታ መታ እያደረገ ‹በል እንጂ የኔ ጌታ› ይለዋል። እኔን በዚያ አንደበት አናግሮኝ አያውቅም።»

ሰሌዳዎቹን ቀጭ እስኪሉ መልሶ ሰካና አበራው። ማሽኑ አንዴ ብቻ ጢጥ ብሎ ብርሃን ሰጠ። መጀመሪያ ቀኑን ጠየቀ፤ ጠጋኙ ዘለለው።

«ስለ ልጄ የተጻፈ ፈልግልኝ።»

ፈለገ። ከላይ እስከ ታች ወረደ፣ እንደገና ወጣ። የቤት ክርክር፣ የሥራ ልመና፣ የሌላ ሰው ጣጣ ብቻ ነው።

«የለም አክስቴ።»

«በቃ፣ እናትህን ጥራት። ትጣለው።»

እሱ ግን አልተነሣም፤ ግንባሩን ቋጥሮ መስታወቱ ላይ ቀረ። «ቆይ እስቲ። ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ቀኑ አንድ ነው። ያለፉት ዓመታት ሥራ በሙሉ በአንድ ቀን የተጻፈ ነው የሚለው።»

እንድትረዳው ቀስ ብሎ ነገራት። ቀን የሚያስቆጥረው ባትሪ ሞቷል፤ ስለዚህ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ይረሳል፣ በተነሣ ቁጥር ይጠይቃል። አጎቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ ያው ነው። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ጠራላት። ኀሙስ ነበር።

ጠረጴዛውን ያዘች። ልጅቷ የሞተችው በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ነው። ያን ኀሙስ ከሥራ መጥታ ወንበር ስባ አባቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። «አባዬ፣ አንተን እኮ ቀንድ አውጣ ይቀድምሃል» ብላ በሁለት ጣቱ የሚለቅመውን ነጥቃ ጻፈችለት። ሳቀ። ሰውየው የሳቀው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ያየ የለም።

«ባትሪማ ገዝቼለት ነበር» አለ ጠጋኙ። «ልቀይርልህ ብለው ሊመታኝ ደረሰ።» መሳቢያውን ሳበው። ባትሪው እንደ ታሸገ ተቀምጧል። «አዲስ ቢገባለት እኮ ጠፍቶ ቢያድርም ራሱ ይቆጥር ነበር…» ብሎ ባትሪውን አነሣው።

«ዓርብ ይደርስበታላ» አለች።

ከሳሎን የእህትየው ድምፅ ይሰማል፤ አሁንም ጥንካሬውን ታወራለች።

«ከልጄ ጋር እዚህ ኀሙስ ላይ ተቀምጦ፣ እኔን ብቻዬን ዓርብ ላይ ጣለኝ። በሩን ትንሽ ገርበብ ቢያደርግልኝ ምን ነበረበት?» ድምፅዋ አልተሰበረም። ባትሪውን ከእጁ ወስዳ ማሸጊያውን በጥርሷ ቀደደችው። «ክተተው።»

እያመነታ ከተተው። ማሽኑ ተነሥቶ ቀኑን ጠየቀ። የጠጋኙን እጅ ገፋ አድርጋ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በአንድ ጣቷ የዚያን ኀሙስ ቀን ጻፈችለት።

«አክስቴ፣ አሁን እኮ አይቆምም። ነገ…»

«አውቃለሁ።»

ወደ ሳሎን ወጥታ ከለቀስተኛው ወንበሮች አንዱን አነሣች። እህትየው በዚህ ጥበት ወንበር ወዴት ነው ብላ ጠየቀች፤ አልመለሰችላትም። ይዛው ገባች። የሟቹን ወንበር አቧራ በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ያመጣችውንም፣ ልጇ ያን ኀሙስ እንዳደረገችው፣ ክንድ ለክንድ እስኪነካካ ድረስ ከጎኑ አስጠጋችው።