ተዝካሩን የበሉ ልጆች

በላይ አባቱን መውደድ የጀመረው ከሞቱ በኋላ ነው። ሽማግሌው ሀብቴ ከመርሳ በላይ ባለችው መንደር ምድጃ ዳር ተጣጥፈው ሲያስሉ፣ አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?» ብሏቸው አያውቅም። ኅዳር ላይ ነፍሳቸው በወጣች ማግስት ግን አገር ይያዘኝ አለ። በአርባው የሚያወጣው ተዝካር ከውርጌሳም ከሐራም ሰው የሚጠራበት፣ ከወልድያ ድረስ ዘመድ የሚመጣበት ሊሆን ነው። ካድሬዎቹ በየስብሰባው «ተዝካር እህል ማባከን ነው፣ ይቅር» እያሉ ይወተውቱ ነበር፤ በላይ ለእነሱም ጥሩ መደብ እንደሚያዘጋጅ ሲያስወራ ግን ዝም አሉ።

የእህሉ ቤት ያን ጊዜ ተቆለፈ። ቁልፉን በላይ ወገቡ ላይ አሰረው። የላሟ ወተት እየተናጠ ለተዝካሩ ቅቤ ሆነ፤ እንቁላሉ ጤፍ ውስጥ ተቀበረ፤ ባቄላውም ሽምብራውም ለወጥ ተባለ። እዚያ ቤት የተከማቸው እህል ደግሞ የበላይ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ሲሳይ በክረምቱ አርሶ ዘርቶ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። የሲሳይ ሚስት ሸዋዬና ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ቡርቱካን እዚያው ግቢ ውስጥ ቀርተው የበላይን እጅ ይጠብቃሉ።

ለግቢው ልጆች የሚሰፈርላቸው ቀጭን የማሽላ አጥሚት ብቻ ሆነ። ሲጠጡት ሆድ ይሞላል፤ ከሽንት በቀር ግን የሚያተርፈው ነገር የለም። ቡርቱካን መጀመሪያ ሣቋን ተወች። ከዚያ ፀጉሯ ሳስቶ ቀላ። ፊቷና እግሯ ማበጥ ሲጀምር በላይ ጉንጯን በጣቱ ነካ አድርጎ «ወፍራለች እኮ! ማን ነው ተራበች ያለው?» ብሎ ሳቀ። መነሣት ሲያቅታት ደግሞ ሣቁን ትቶ «ቡዳ በልቷታል» አለ፤ ቡዳ አይከሰስ፣ እህል ክፈል አይባል፣ ለበላይ ምቹ ነው።

ሸዋዬ ልጇን አዝላ መርሳ ክሊኒክ ወረደች። ድሬሰሩ ያበጠውን እግር በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ይህ ውፍረት አይደለም፤ ቡዳም አይደለም» አላት። «ምግብ ነው ያጣችው። ወተት ስጫት፣ እንቁላል ስጫት፣ የባቄላ ገንፎ ስጫት። ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። በአንዴ አታጨናንቂያት። ይህ ካልሆነ ግን ልጅሽ አትተርፍም። ቤትሽ እነዚህ አሉ?»

«አሉ» አለች ሸዋዬ። «አሉ» ማለቱ «የሉም» ከማለት ይልቅ አንገበገባት።

ማታውኑ በላይ እግር ላይ ወደቀች። «አያ በላይ፣ በእናትዎ፣ አንድ ስኒ ወተት ብቻ። በየቀኑ አንድ ስኒ።»

«ፆም ነው፤ ዕቃውን ልታስገድፊው ነው?»

«ሕፃን ፆም የለባትም፣ አያ በላይ።»

«ቅቤው ካነሰ ሰው ምን ይለኛል?» አለና እግሩን ሰበሰበ። «ስሚ፣ ልጅ ሌላ ትወልጃለሽ። እኔ ሌላ አባት ከየት አመጣለሁ?»

ሸዋዬ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያች ቀን ወዲያ በላይን አልለመነችውም። ጠላችው። ቂሟን እንደ ሁለተኛ ልጅ አዝላ ትዞር ጀመር። የእህሉን ቤት ላቃጥለው ብላ አስባ ነበር፤ እህሉ ግን የልጇም ነው። እሱን ልግደለው ብላም አስባለች፤ ይህን ሐሳብ እንኳ ቶሎ አልተወችውም። በኋላ ነው የገባት። በላይ ሞትን አይፈራም፤ የሚፈራው «ሰው ምን ይለኛል» የምትለዋን ነገር ነው። እዚያው ላይ ልትመታው ቆረጠች።

ጎረቤቷ አሚና ያን ሰሞን ቡርቱካንን እየወሰደች ከፍየሏ ወተት በስኒ ታቀምሳት ነበር፤ ልጅቷን እስከ ጥር ያቆያት እሱ ነው። ለተዝካሩ የሙስሊም እንግዶችን ድስት የምትሠራውም አሚና ነች። ሸዋዬ ያሰበችውን ስትነግራት አሚና እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችው።

«ወላሂ፣ የእኛዎቹንም ልጆች አመጣቸዋለሁ» አለች። «አላህ ሲጠይቀን ስለነዚህ ነው የሚጠይቀን።»

የቀረችው የሺ ነበረች፤ የበላይ ሚስት። የሺ የባሏን ስም በሹክሹክታ የምትጠራ ሴት ነች። የእሷም ልጅ ግን ሆዱ ተነፍቶ እግሩ ሸንበቆ አክሏል። ሸዋዬ ነገሩን ስታወራላት አለቀሰች፣ «ይገድለኛል» አለች፤ እንባዋን ጠርጋ ደግሞ «የዶሮውን ወጥ ግን እኔ ነኝ የማወጣው» አለች።

እሑድ ጠዋት በላይ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ እንግዶቹን አስከትሎ ለፍትሐቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ዳሱ ተጥሏል፣ ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ተጠምቋል። ወንዶቹ ጉብታውን እንዳለፉ ሴቶቹ ሌላ ጊዜ ከዳሱ በዱላ የሚባረሩትን የመንደሩን ልጆች ሰብስበው አስገቡ። ካህናቱ በሚቀመጡበት ራስጌ ላይ አፍንጫቸው የሚዝረበረብ ሕፃናት ተቀመጡ። ለካድሬዎቹ በተነጠፈው አጎዛ ላይ የአሚና ጎረቤት ልጆች ከነድስታቸው ሰፈሩ። ጠና ላሉት ዶሮ ወጥ ከነቅቤው ወጣላቸው። ያበጡትንና የከሱትን ሸዋዬ ለብቻ አስቀምጣ ወተትና የተፈረፈረ እንቁላል ጥቂት በጥቂት አጎረሰች። ቂም ይዟታል እንጂ አላበደችም፤ የድሬሰሩን ቃል አልረሳችም።

በላይ ካህናቱን አስከትሎ ሲገባ ዳሱ ውስጥ የሚሰማው ማላመጥ ብቻ ነበር። የራሱ ልጅ የዶሮ እግር በሁለት እጁ ይዞ ቀና ብሎ አየውና መብላቱን ቀጠለ። በላይ ዱላውን አነሣ።

«ይህን ማን አዘዘ?» አሉ መምሬ ማሩ፣ ከኋላው። የግቢው ሁሉ ነፍስ አባት ናቸው።

ሸዋዬ አንድ እርምጃ ወጣች። እኔ ነኝ ልትል ነው፤ የቆለፈብኝን እህል ነው ያበላኋቸው ልትል። እሷ አፏን ሳትከፍት ግን ከወልድያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘመድ እንባ ባቀረረ ድምፅ «ይህ ነው ተዝካር! ሕፃናትን ማስቀደም! ምነው ይህን ዓይነት ልብ ለእኛም በሰጠን!» አሉ። እንግዳው ሁሉ ተቀብሎ አደነቀ። በላይ ዱላውን ቀስ አድርጎ አወረደ። በላይ ክፉ እንጂ ጅል አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ መምሬ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ለአባቴ ነፍስ ብዬ።»

ምርቃቱ ወረደ። ሸዋዬ ደሟ ፈላ። ልጇን ያስራበው እሱ፣ ምስጋናውንም የሚበላው እሱ! ልትጮኽ ነበር። በላይ ግን በምርቃቱ መሐል ጥርሱን ብልጭ አድርጎ አያትና፣ ያን ጊዜ በገዛ አፉ የታሰረ መሆኑ በራላት። እልልታዋን አቀለጠችው። እየሮጠች መምሬ እግር ሥር ተንበረከከች።

«መምሬ፣ አያ በላይ ትሑት ስለሆኑ ዋናውን አልነገሯችሁም! እስከ መጪው አዝመራ የላሟ ወተት ለነዚህ ሕፃናት ነው ብለዋል። ከድግሱ የተረፈው ጤፍና ባቄላም ለነሱ ነው። የእህሉን ቤት ቁልፍ ዛሬ በእናንተ ፊት ለእኔ ሊያስረክቡ በአባታቸው አጥንት ምለዋል!»

መምሬ ማሩ ሸዋዬን አዩ፤ ከዚያ ያበጠችውን ልጇን አዩ። ያጠመቋት እሳቸው ናቸው፤ የማያውቁት ነገር የለም።

«እውነት ነው፣ በላይ?»

በላይ ወደ ወልድያው ሽማግሌ ተመለከተ፤ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሊመርቁ ይጠብቃሉ። ውሸት ነው ቢል የቅድሙም ውሸት ሊሆን ነው።

«እ... እውነት ነው፣ መምሬ።»

«እንግዲያው ከዚህ ቃል ፈቀቅ ብትል በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ!» አሉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው።

«አሜን!» አለ ዳሱ። አሚና ከድስቷ አጠገብ «አሚን!» ስትል ድምፅዋ ከሁሉም በለጠ።

በላይ ቁልፉን ከወገቡ ፈታ። ሲሰጣት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ገደልሽኝ፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ኧረ ምን በወጣዎ፣ አያ በላይ» አለች ሰው እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ይልቅ ልጆቹ በልተው ጨርሰዋል፤ እጅ ያስታጥቧቸው እንጂ! ባለ ተዝካሩ እርስዎ አይደሉም?»

ሰው ሁሉ እያየው ነውና ማስታጠቢያውን አነሣ። እንግዶቹ ሽሮና ጠላ ደርሷቸው በየጥጉ ሲቀመጡ፣ በላይ በአዲስ ጋቢው ጎንበስ ብሎ ከልጅ ወደ ልጅ ሄደ። የገዛ ልጁን አስታጠበ፤ ልጁ በፍርሃት እጁን ሊሰበስብ ሲል የሺ ከኋላ መጥታ ትከሻውን ይዛ «ታጠብ» አለችው። መጨረሻ ላይ ቡርቱካን ፊት ተንበረከከ። ልጅቷ የተነፉ ትንንሽ እጆቿን ዘረጋችለት።

ሸዋዬ ከላዩ ቆማ አየችው። አንጀቷ አልራራም። አንድ ቀን ይራራ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ውስጧ የሚፈስሰው ነገር ከማር ይጥማት ነበር።

«በደንብ ያጥቧት» አለችው። «ነገም ትበላበታለች።»