ሰሌን ሠሪዋና ሞክሼዋ

በዚያ ዓመት ዝናቡ አልቆም ብሎ የደሴት ከተማችን ሱቫ ለሳምንታት ጭጋግ ለብሳ ከረመች። የምሠራው ወደቡ ዳር፣ በደሴቶቹ መካከል በሚመላለስ የመርከብ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። መስኮቴን ስከፍት ባሕሩና ሰማዩ አይለዩም፤ የቆሙት መርከቦች አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

ድርጅታችን ሦስት የስልክ አፕ ነበረው። በአንዱ መንገደኞች ቲኬት ይቆርጣሉ፤ በአንዱ እኛ ሠራተኞች ተራችንን እናያለን፤ በሦስተኛው ደግሞ ከየደሴቱ ተወቅጦ የሚጠጣ ያንጎና ሥር፣ የደረቀ ኮኮናትና ሰሌን የሚልኩ አጋሮቻችን ዕቃቸውን ይከታተላሉ። ሦስቱ አይተዋወቁም። ዕቃው መርከቡ ላይ እያለ ላኪው "አልተጫነም" ይባላል፤ መርከቡ ዘግይቶ ሠራተኛው ሲያውቅ መንገደኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ አለቃችን ቪኖድ መረረው።

"ያለን አንድ መርከብ ነው" አለ። "አንድ መርከብ ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ወሬ ያወራል እንዴ? አንድ ይሁን።"

አፖቹን የሚያዋህደው ባለሙያ ከውጭ መጣ። ስሞቹን አንድ በአንድ የማገናኘቱ ሥራ ግን ለእኔ ተሰጠ። ኮምፒውተሩ ተመሳሳይ ስሞችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያመጣና "አንድ ሰው ናቸው?" ይለኛል፤ እኔ አዎ ወይም አይ እላለሁ። በእኛ ደሴቶች ደግሞ ሰው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አያውቅም። መርከበኛችን ሰቫናያ ሠራተኛ ነው፤ ከመንደሩ ያንጎና ይልካል፤ እረፍት ሲወጣ ደግሞ መንገደኛ ነው። ሦስቱን ስሞቹን አንድ ሳደርግለት፣

"ቶሪካ፣ እናቴ እንኳን እንደዚህ አሟልታ አልወለደችኝም" ብሎ ሳቀ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እሹሩሩ እንደሚል ሰው መታ መታ ሲያደርገው ዓይኔ ይከደን ጀመር። ማኬሬታ ቲናይ የሚል ስም መጣ፤ አንዷ መንገደኛ፣ አንዷ ሰሌን ላኪ። የልደት ቀናቸውም አንድ ነበር፦ ጃንዋሪ አንድ፣ ዓመቱም ያው። ያን ቀን የሚጻፈው የተወለደበትን ቀን ለማያውቅ ሰው ሁሉ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን እንቅልፍና ንቃት መካከል ሆኜ፣ አንዲት ሴት ሰሌኗን ተሸክማ በጭጋጉ ውስጥ ስትመጣ ታየችኝ። አዎ ብዬ ተጫንኩ።

በማግስቱ አዲሱ አፕ ሥራ ጀመረ።

አንደኛዋ ማኬሬታ ጋው ደሴት ላይ የምትኖር ሰሌን ሠሪ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌኖቿን በመርከባችን ስትልክ እሷ ራሷ ሱቫን አይታ አታውቅም። ሰሌኖቹን ወደቡ ላይ ተቀብላ ገበያ የምትወስድላት የእህቷ ልጅ ነበረች። ያን ሳምንት እንደ ወትሮው አምስት ሰሌን አስመዘገበች። ከዚያ ስልኳ እንዲህ አላት፦ "ማኬሬታ፣ በቅዳሜው መርከብ መቀመጫዎ በመስኮቱ በኩል ተዘጋጅቷል። እንጠብቅዎታለን።"

ሁለተኛዋ ማኬሬታ ሱቫ አጠገብ፣ ላሚ የምትኖር ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ትውልዷ ኮሮ ደሴት ነው። አውሎ ነፋሱ የእናቷን ቤት ከነሰሌኑ ጠርጎ ከወሰደው ወዲህ፣ በየወሩ ወደዚያ እየሄደች በቀረው የሲሚንቶ ወለል ላይ ትቀመጥ ነበር። በመጨረሻው ጉዞዋ በወንድሟ ልጅ ጀልባ ቀድማ ስለተመለሰች ለቅዳሜ የቆረጠችው የመልስ ቲኬቷ ሳይሠራበት ቀረ። መርከቡ ከኮሮ ሲመለስ ጋው ላይ ይቆማል። ለሞክሼዋ የደረሰው መቀመጫ ያ ነበር። ለእሷ ደግሞ ዝናቡን እያየች በተቀመጠችበት ስልኳ "ማኬሬታ፣ አምስቱ ሰሌኖችዎ ከጋው ተጭነዋል፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳሉ" አላት።

ሁለቱም አልጠየቁም። ሁለቱም መጡ።

ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። መርከቡ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ኋላ መብራቱ፣ ከዚያ አካሉ። ሰቫናያ አምስቱን ጥቅል ሰሌን በትከሻው ይዞ መሰላሉን ወረደና ስልኩን አየ።

"ማኬሬታ ቲናይ!" አለ።

"አቤት" አለች አንዲት ሴት ከመርከቡ መሰላል ላይ።

"አቤት" አለች ሌላዋ ከወደቡ መጠለያ ሥር።

ሰቫናያ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አየ። "ቡቡዎቼ፣ አያቶቼ፣ ሁለት ከሆናችሁ እኔም ሌላ ትከሻ ላምጣ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "ቶሪካ፣ እዚህ የሚለው አንድ ሴት ነው" አለኝ።

ሮጥኩ። በየተራ ስልካቸውን አየሁና ያን ከሰዓት፣ ያን የጣሪያ ድምፅ፣ የጫንኩትን አዎ አስታወስኩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። "ሁለታችሁን አንድ ሰው አድርጌ የመዘገብኳችሁ እኔ ነኝ። ቡቡ፣ መቀመጫው የእርስዎ አልነበረም። እርስዎም ቡቡ፣ ሰሌኑ የእርስዎ አይደለም።"

የጋውዋ ማኬሬታ ከመሰላሉ ወርዳ እርጥቡ መሬት ላይ በጥንቃቄ ቆመች፤ እግሯ ገና ማዕበሉን አልተወም። "ታዲያ ማንም አልጠራኝም?" አለች።

"አልጠራንዎትም ቡቡ።"

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አሉ" አለችና ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ዕንባ ሞላው። "አሥራ አንድ ዓመት ያልመጣሁት ማን ጠራኝ ብዬ ነው። ስልኩ በስሜ ሲጠራኝ ጎረቤቶቼን ሁሉ ተሰናብቼ ነው የመጣሁት።"

ነርሷ እስካሁን የሰሌኑን ጠርዝ በጣቷ ትዳስስ ነበር። "እኔስ ምን ልበል?" አለች። "በሕይወቴ ሰሌን አዝዤ አላውቅም። ይህን እያወቅኩ ነው የመጣሁት። ባሕሩ የወሰደውን የመለሰልኝ መስሎኝ ነው።" ቀና ብላ ሌላዋን አየቻት። "ስምሽ እውነት ማኬሬታ ነው?"

"በአያቴ ስም ነው።"

"እኔም በአያቴ። ሞክሼ፣ ማረፊያ አለሽ?"

"የእህቴ ልጅ ትመጣለች ብዬ ነበር።"

የእህቷ ልጅ አልመጣችም። ሰሌኑ መጣ የሚለው መልእክት ወደ ላሚ ስለሄደ ማን ይንገራት?

"እንግዲያው ወደ ቤት እንሂድ" አለች ነርሷ። "ወለሌ ባዶ ነው፤ ሰሌንሽንም እዚያው ዘርግተሽ ትተኝበታለሽ።" ሰቫናያ ጥቅሎቹን ታክሲ ላይ ጫነላቸው። መኪናው ዝናቡ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ቆሜ አየኋቸው።

ሰኞ ለቪኖድ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ስል ወደ መስኮቱ ዞረ። "ምን ያህል አዎ ብለሻል?" አለኝ።

"ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።"

"እያንዳንዱን በድምፅ ጠይቂ" አለ። "ኮምፒውተሩን አይደለም፤ ሰውየውን።"

ሁለቱን ማኬሬታዎች ያን ዕለት ለያየኋቸው። ልለያያችሁ ነው ብዬ ስደውል ስልኩን ያነሳችው የጋውዋ ናት። ከኋላዋ የድስት ክዳንና የሌላዋ ሳቅ ይሰማኛል። "እንደፈለግሽ አድርጊ ልጄ" አለችኝ፤ "እኛ ሥራ ላይ ነን።"

ከዚያ ሦስት ወር ሰው ስደውል ከረምኩ። አንዳንዱ "እኔ መሆኔን በምን ላረጋግጥልሽ?" ብሎ ያሾፍብኛል። አንዳንዱ ስለ መዝገቡ መልሶልኝም ስልኩን አይዘጋም፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዓሣው ይነግረኛል። ድምፆቹ በጭጋጉ ውስጥ ከደሴት ደሴት ሲንሳፈፉ የማያቸው ይመስለኝ ነበር። አራት ስህተት ብቻ አገኘሁ፤ እነሱም ማንንም መርከብ ላይ አላወጡም።

ሰሌን ሠሪዋ አምስት ሳምንት ላሚ ቆየች። አንድ እሑድ ስጠይቃቸው ሁለቱም ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። ነርሷ ሰላሳ አራት ዓመት ቁስል የጠቀለሉትን ጣቶቿን ሰሌን መሥራት እያስተማረች ነበር። ቅጠሉ እየተንሸራተተ አስቸግሯታል።

"ተጣመመ ሞክሼ" አለቻት የጋውዋ ማኬሬታ፣ ቀና ሳትል። "ፍቺው።"

እሷም ፈታችው፤ ቅጠሎቹን በጉልበቷ ላይ አለሳለሰችና እንደገና ጀመረች።