የደበበ ሐረግ

ሥራዬ የቢሮ ተክል መንከባከብ ነው። ጁባ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞርኩ ቅጠል እወለውላለሁ፣ አፈር እቀይራለሁ፣ የሞተውን ነቅዬ እጥላለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት በጥማት የሞተ የቤት ተክል ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። የሚገድላቸው ውሃ ነው። ቅጠሉ ትንሽ ጠውልጎ ሲታይ ጸሐፊዋ ትደፋበታለች፣ ጽዳቷ ትደፋበታለች፣ ዘበኛውም ከሚጠጣው ያካፍለዋል። ሥሩ ይበሰብሳል። ከዚያ እኔን ይጠሩና "እሱባለው፣ ምን ነካው?" ይሉኛል። ራሳችሁ ናችኋ የነካችሁት!

የምሥራቅን ሐረግ ግን ለደመወዝ ብዬ አልያዝኳትም። ምሥራቅ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ናት፤ ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባሏ ደበበ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጭነት ይዞ ከከተማው በጉምቦ በኩል እንደወጣ ቀረ። ሐረጓን ከአዲስ አበባ ሲመጣ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይዟት የመጣው እሱ ነው፤ ያኔ ሁለት ቅጠል ብቻ ነበራት።

በጠፋ በአራተኛው ወር፣ ረቡዕ ረቡዕ ቤቷ በምናደርገው የጸሎት ኅብረት ላይ አንድ እንግዳ አገልጋይ መጣ። እጁን ቅጠሎቹ ላይ ጫነና "ይህች ተክል እስካለች ድረስ ባልሽ በሕይወት አለ፣ ይላል ጌታ" አለ። ቤቱ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። እኔም አሜን ብያለሁ። የምሥራቅን ፊት እያየሁ ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኅብረቱ ሰው ሁሉ ሲገባ አንዳንድ ብርጭቆ ያጠጣት ጀመር። ውሃ በቦቴ እየተገዛ በሚጠጣበት ከተማ፣ ከራሳቸው ቀንሰው በጠርሙስ ይዘውላት የሚመጡም ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ምሥራቅም እህል አልቀምስ አለች። ተናደድኩ። ሐረጓን ነቅዬ የበሰበሰውን ሥር ቆረጥኩ፤ አንድ የቀለም ባልዲ ውሃ እንዲወርድለት ታቹን በምስማር በሳስቼ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር መልሼ ተከልኳት። ከዚያ ኅብረቱ ፊት ቆሜ "ከዛሬ ጀምሮ ማንም አያጠጣትም! ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ፣ መድረቁን አይቼ፣ እኔው አጠጣታለሁ" አልኩ። ፓስተሩ እንኳ እንደዚያ ተቆጥቶ አያውቅም። ሐረጓ ዳነች። በሁለት ወር ውስጥ መስኮቱን ዞራ ወደ ጣሪያው መውጣት ጀመረች፤ ምሥራቅም መብላት ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር።

ፓትሪክ የመጣው ያኔ ነው። ፓትሪክ ጋምቤላ በስደት ያደገ፣ ከደበበ ጋር እየተፈራረቀ የሚነዳ ሾፌር ነው። በምርኩዝ እያነከሰ ገባና ፊቷ ተቀመጠ።

"እትዬ ምሥራቅ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ። "በወጣን በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ተኮሱብን። ጋሽ ደበበ እዚያው አለፈ። የመንደሩ ሰዎች ጉድጓድ ቆፈሩልኝ፣ እኔ ቀበርኩት። እግሬን ተመትቼ እስካሁን እዚያው ገጠር ተኝቼ ነበር። ስልክ ማፊ፣ መንገድ ማፊ፣ ምንም የለም።" የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አኖረው።

ምሥራቅ ቁልፉን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሐረጓን አየች።

"ፓትሪክዬ፣ ተሳስተህ ነው" አለችው በእርጋታ። "ሌላ ሰው ነው የቀበርከው። እስቲ ቅጠሏን እያት።"

"እትዬ፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ!"

"ወንድም እሱባለው፣ ንገረው እንጂ። ጤነኛ ናት አይደል?"

"ጤነኛ ናት" አልኩ። እንደዚያን ቀን ሙያዬን ጠልቼው አላውቅም።

ለቅሶ አልተቀመጠችም። እናቷ ከአዲስ አበባ እየደወሉ "ልጄ፣ ነይልኝ" ቢሏት "ደበበ ሲመጣ አብረን እንመጣለን" ትላቸዋለች። ምሳ ስታቀርብ የሱን ሰሃን ታስቀምጣለች። ሐረጓ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ቅጠል ታወጣለች። ይህች ሴት እዚህ ክፍል ውስጥ ልታረጅ ነው፣ የምታረጀውም በእኔ ጎበዝነት ነው እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ሐረጓ ብትሞት ታምናለች፣ አልቅሳ ይወጣላታል፣ ሀገሯ ትገባለች ብዬ አሰብኩ።

አንድ ረቡዕ ቀድሜ ሄድኩና የባልዲውን ቀዳዳዎች በሻማ ሰም ደፈንኳቸው። ኅብረቱ ሲሰበሰብ "ሙቀቱ በርትቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ አጠጧት" አልኩ። ደስታቸውን ብታዩ! ሌላ ምንም ማድረግ አላስፈለገኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ የመጀመሪያዋ ቅጠል ቢጫ ሆነች። ምሥራቅ ደውላ "አድናት" አለችኝ። ሄጄ ቅጠሏን ወለወልኩ፤ ሰሙን አልነካሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ግንዷ ከሥሯ ላልቶ ወደቀ።

ስደርስ ምሥራቅ ጥቁር ለብሳ ነበር። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። አምላኬ ሆይ ተመስገን፣ ልትሄድ ነው አልኩ በልቤ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት።

"የመጀመሪያዋ ቅጠል ቢጫ የሆነችው ሰኞ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ሰኞ።"

"እንግዲያው እስከዚያ ሰኞ ድረስ በሕይወት ነበረ።" ድምፅዋ ደርቋል። "አንድ ቦታ ወድቆ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲጠብቀኝ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ቅጠል አያለሁ። ጌታ እኮ በሕይወት አለ ብሎኝ ነበር! አምኜ ተቀመጥኩ እንጂ ሄጄ አልፈለግኩትም። አንተስ፣ ወንድሜ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሂጂ ብትለኝ?"

አፌን ከፈትኩ። ስለ ሰሙ ብነግራት የምትሰማው ባሏን እንደገደልኩት ነው። ዘጋሁት።

ተነስታ ሻንጣዋን አነሳች። "በጉምቦ በኩል የሚወጣ መኪና አግኝቻለሁ" አለች። "የመቃብሩ አፈር ገና ትኩስ ነው። ጠይቄ አገኘዋለሁ።"