የተቆረጠው አስራ ሁለት ሰከንድ

«ሲዲ ዘፈን አይደለም፤ የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው!» አለ ጡረተኛው መምህር በሹክሹክታ። የእሱ ሹክሹክታ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሰባ ሰባት ተማሪ በአንዴ ሲያስደነግጥ ከኖረ ጉሮሮ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሦስት ቤት አልፎ የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ከየጎረቤቱ በውሰት በመጡ ወንበሮች ላይ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩት ለቅሶ ደራሾች አንገታቸውን አዞሩ።

ባለታክሲው ሻዩን አስቀምጦ ተጠጋው። «አንተ ደግሞ ሸክላህን ታቅፈህ ሙዚየም ግባ። ታክሲ ውስጥ ሸክላ ላሽከርክር? ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ዘፋኙን ስቅ እንዲለው?»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለች በመካከላቸው የተቀመጠችው ፋርማሲስት። ምላሷን ግን እሷም ማሰር አልቻለችም። «ለነገሩ የሁለታችሁም ጊዜ አልፏል። መድኃኒት ብትሆኑ ድሮ ከመደርደሪያ አውርጄ ጥያችሁ ነበር። እኔ አስራ አንድ ሺህ ዘፈን ስልኬ ላይ አውርጄ፣ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መጥቻለሁ። አቧራ የለው፣ ጭረት የለው።»

«ነፍስም የለው!» አለ መምህሩ።

ሦስቱ እንዲህ ሲነታረኩ ሃያ ዓመታቸው ነው። ሜዳቸው የሟቹ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ደጅ አስቀምጦ የሚገባባት ጠባብ ክፍል። ሟቹን አገር ምድሩ «ጋሽ ቅጂ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ከተማ በእሱ እጅ ያላለፈ ዘፈን የሰማ ጆሮ የለም ቢባል ማጋነን ነው፤ ግን ትንሽ ማጋነን ነው።

«ምነው እናንተ!» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰበች። «ወንድሜን ከቀበርኩ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው። እዚህም ሱቁን ከፈታችሁት? እሱ ቢኖር ምን ይላችሁ ነበር?»

«"ተከራከሩ፣ ሻዩን ግን ጠጡት፤ እየቀዘቀዘ ነው" ይለን ነበራ!» አለ መምህሩ። የተናገረውም በጋሽ ቅጂ ድምፅ ነው፤ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ በሚመስል ወፍራም ድምፅ።

«ወግድ! መቼ ነው እንደዚህ ወፍሮ የሚያውቀው?» ባለታክሲው ጉሮሮውን ጠርጎ ያንኑ ቃል በቀጭኑ ደገመው።

«እናንተ ምኑን ታውቁታላችሁ? አብሬው ያደግሁት እኔ!» አለች እህቱና በአፍንጫዋ አለችው።

ክፍሉ እንባ በተቀላቀለበት ሳቅ ተሞላ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው የሟቹ አንድያ ልጅ ብቻ አልሳቀችም።

ሚጢ ይሏታል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም ከመምህሩ ይበልጣል። ስሙን ያወጣላት አባቷ ስለሆነ ግን ደፍሮ የቀየረው የለም። ከወንበሯ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ውሃው እንዲጮህ ቧንቧውን እስከ ጥጉ ከፈተችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አባቷ «ሚጢዬ» ብሎ ሲጠራት ለመስማት ሞከረች።

መጀመሪያ የመጣው የመምህሩ ወፍራም ድምፅ ነው። አባረረችው። ቀጥሎ የባለታክሲው ቀጭኑ መጣ። እሱንም አባረረችው። አክስቷ በአፍንጫዋ ጠራቻት። የአባቷ ቦታ ባዶ ነበር።

ጋሽ ቅጂ የሞተው ባለፈው ሐሙስ ነው። ድምፁ ግን ቀድሞት ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጉሮሮውን አሞት ሐኪሞቹ ሕይወቱን አትርፈው ድምፁን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በሸሚዝ ኪሱ በሚይዛት ትንሽ ደብተር ላይ እየጻፈ ነበር የሚያወራው። ደብተሮቹ ሞልተው ሳጥን አጣበዋል፤ በጽሑፍ ሲቀልድ በአፉ ከሚቀልደው የበለጠ ያስቅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የእጁን ጽሑፍ ስታነብ የኖረች ልጅ ግን ጆሮዋ ቀስ እያለ፣ ሳይታወቃት ረሳ። በስልክ ሲያወራ ድሮም ከ«አቤት»ና ከ«መጣሁ» በላይ አይወጣውም ነበር። የቤተሰቡን ቪዲዮ ሁሉ ከቀብሩ በፊት ጀምራ አገላብጣዋለች፤ ሌላው ሰው ሲያወራ እሱ ሁልጊዜ ማጫወቻው ላይ አጎንብሷል፣ ጀርባውን ሰጥቶ።

ይህም ሆኖ ድምፁ በሺህ ቦታ ተቀድቶ ነበር። የነበረውን እንዳልነበረ ያደረገችው ማን እንደሆነች ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንጀራ አንቆት እንደያዘው ሰው የሚያስጨንቃት ይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስህተት ነው። ጋሽ ቅጂ ድሮ፣ ሚጢ ገና ትምህርት ቤት ሳለች፣ በአንድ ቀን ሠላሳ ትዕዛዝ ሲቀዳ መለያ ወረቀቶቹ ተደባለቁበት። ለሙሽሮች የተቀዳው ለሀዘንተኛ፣ ለሀዘንተኛው የተቀዳው ለሙሽሮች ደረሰ። ሙሽሪት ወደ አዳራሹ ስትገባ አገር የሚያስለቅስ እንጉርጉሮ ተለቀቀ፤ ሦስት መቶ እንግዳ በአንድ ጊዜ መሀረብ አወጣ ይባላል። ሀዘንተኞቹስ? እነሱ ቤት የሆነውን ለማውራት ጋሽ ቅጂ ራሱ አፍሮ አያውቅም፤ የሞተባቸው አጎት ጭፈራ ይወድ ነበርና ቤተሰቡ «ኑዛዜው ነው» ብሎ ተነስቶ ጨፈረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቅጂ መርፌውን ሸክላው ላይ ከማሳረፉ በፊት ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ የማን ትዕዛዝ እንደሆነ ይናገራል። «ይህ ለመምህሩ ጎረቤት ነው፤ ጎን አንድ። አደራ፣ በጣም አትክፈተው፤ መምህሩ አይተኛም።» ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ አደራ አለው። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ አስራ ሁለት ሰከንድ ያህል እሱ አለ፤ ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል።

ዘመኑ ተቀይሮ እያንዳንዱ ዘፈን ለየብቻው ሲቀዳ፣ ሚጢም ኮምፒውተሩ ላይ መሥራት ስትጀምር ፋርማሲስቷ መጣች። «ጋሼ፣ ጠዋት እየሮጥኩ በየአራት ደቂቃው "ይህ ለፋርማሲስቷ ነው" ስትለኝ ልቤ ይቆማል። ሰው ከኋላዬ የመጣ ነው የሚመስለኝ። ዘፈኑን ብቻ ስጠኝ፣ ድምፅህን ቁረጥልኝ።»

እሱ ሳቀና ወደ ልጁ ዞረ። «ሚጢ ትቁረጠው፤ ዘመኑ የሷ ነው።»

ሚጢ ቆረጠችው። የፋርማሲስቷን ብቻ አይደለም፤ ጎበዝ ነኝ ብላ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ አስራ ሁለት ሰከንድ በአስራ ሁለት ሰከንድ ቆረጠችው። ያልተቆረጠውን ዋና ቅጂም «ቦታ ይዟል» ብላ አጠፋችው፤ ለየሰው የተሰጡት ካሴቶች ደግሞ ክራቸው ተበልቶ ከተጣሉ ቆይተዋል። በአራተኛው ወር አባቷ ታመመ። ድምፁን ካጣ በኋላ አንድ ቀን ከቆረጠቻቸው ዘፈኖች አንዱን አዳምጦ ደብተሩ ላይ ጻፈላት፦ «ጎበዝ ቆራጭ ነሽ። ስፌቱ አይታወቅም።» ከልቡ ነበር ያመሰገናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚጢ ማንም ሲያመሰግናት ወሬ ትቀይራለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሳስቷል። ሦስቱ ተከራካሪዎች ግን እንደ ሱቁ ዘመን ቀድመው ተገኝተዋል። ፋርማሲስቷ ስልኳን አወጣች። «ሚጢዬ፣ ካልከፋሽ እሱ የቀዳልኝን አንዱን ቀስ አድርጌ ልክፈትልሽ? የሱ ማስታወሻ ይሁነን።»

ሚጢ መልስ ሳትሰጥ ተከፈተ። ዘፈኑ በቀጥታ ጀመረ፤ ያለ «ይህ ለ»፣ ያለ አደራ፣ ያለ ምንም። ስፌቱ አይታወቅም።

«አጥፊው!» አለች ሚጢ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ከሱ በፊት አባዬ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሁሉንም ቆረጥኩ፣ ዋናውንም አጠፋሁ። አሁን ድምፁ ጠፋኝ። እናንተ ትላንት ስታስመስሉት ማንኛችሁ ልክ እንደሆናችሁ እንኳ አላወቅሁም። ልጁ ሆኜ አላወቅሁም!»

ፋርማሲስቷ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው። «ቁረጥልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አስራ አንድ ሺህ ዘፈን ይዤ… አንድ እሱ የለኝም።»

ሚጢ ወደ መምህሩ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎስ ጋ?»

መምህሩ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። በክርክር ተሸንፎ የማያውቅ፣ ቢሸነፍም የማያምን ሰው ነው። «ስምንት መቶ ሸክላ አለኝ፣ ልጄ። ግማሹን ከኔ ተውሶ ነው ለሰው የቀዳው። ሸክላ ግን የያዘውን ይሰጣል እንጂ አዲስ አይቀበልም። የጣቱ አሻራ ይኖር ይሆናል። ድምፁ የለም።»

የቀረው ባለታክሲው ነው። እሱ ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ላይ አላነሳም።

«የኔዎቹን ፀሐይ ጨረሳቸው» አለ። «ስልሳ ነበሩ። አሁን ብርጭቆ ማስቀመጫም አይሆኑ።» ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ «አንድ አለ። የታክሲዬ ማጫወቻ ዋጠው፣ አልተፋም ካለ አራት ዓመቱ ነው።»

«ይናገራል?» አለች ሚጢ። ቆማለች።

«ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ይናገረኝ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ግን የማጫወቻውን ቁልፍ አልነካሁትም፤ ተሳፋሪ ይዤ ማልቀስ ፈራሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ጋ የሌለ መቼ መሰለኝ፣ እህቴ! ምንጭ ዳር ለሚኖር ሰው ማን ውሃ ቀድቶ ይሄዳል?»

መምህሩ ጭንቀቱን መደበቅ አቃተው። «አራት ዓመት እዚያ ሙቀት ውስጥ? መጀመሪያው ቀድሞ ተልጦ ይሆናል እኮ።»

«ከዳር የሚጀምረው ያንተ ሸክላ ነው። ሲዲ ከመሃል ነው የሚጀምረው። ዳሩ ቢላጥ መጀመሪያው አይሞትም። ግን…» ባለታክሲው ወደ ሚጢ ዞረ፤ «ግን አልዋሽሽም። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ማጫወቻው ነክሶት ቆሟል። ዛሬ ይንገረን፣ አይንገረን፣ አላውቅም።»

«መሃሉን ያትርፈው» አለ መምህሩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ተከራካሪው ልክ እንዲሆን ሲመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታክሲዋ ደጅ ቆማለች፤ በዚያ ከተማ ከእሷ በላይ ያረጀ መንገዱ ብቻ ነው። ሚጢ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። መምህሩና ፋርማሲስቷ በተከፈተው በር በኩል አጎነበሱ። አክስቲቱ ሳህን እያጠበች ነበርና እጇ አረፋ እንደያዘ ወጥታ ከኋላቸው ቆመች። ባለታክሲው ሞተሩን አስነሳ። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ሚጢን አያት። ራሷን ነቀነቀች።

ተጫነው።

ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ተሽከረከረ፣ ቆመ፣ እንደገና ተሽከረከረ። አንድ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ እንደሚንጫጫ ተማሪ አፈጠጠበት። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው የዝናብ ዓይነት ሿሿታ መጣ። ከሿሿታውም ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ለባለታክሲው ነው። ዲስክ አንድ። አደራ፣ ስትነዳ ራስህን አትነቅንቅ፤ ተሳፋሪ ይፈራል።»

ወፍራም አይደለም። ቀጭንም አይደለም። በአፍንጫም አይደለም። ትንሽ ሻከር ያለ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጫፍ ላይ ሊስቅ የፈለገ ድምፅ ነው፤ ሚጢ ገና ሲጀምር አወቀችው፤ እንዴት ረስታው እንደነበር ነው አሁን የማይገባት። አክስቲቱ አረፋ የያዘ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባለታክሲው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት ብቻ ያያል።

ዘፈኑ ይቀጥላል ብለው ጠበቁ። አልቀጠለም። ማይኩ ገና ክፍት ነበር። ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ ያ ድምፅ አሁን ከማይኩ ዞር ብሎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ለባለታክሲው ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ለነበረ ለሌላ ሰው ተናገረ።

«ሚጢዬ፣ በሩን ዝጊው እስቲ እናቴ። የመንገዱ ጫጫታ እየገባብኝ ነው።»

ሚጢ ውጭ የቀረ እግሯን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። መምህሩና ፋርማሲስቷ ቀና ብለው ወደ ኋላ አሉላት። የታክሲዋን በር ቀስ አድርጋ፣ ምንም ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችና ዘጋችው። ከዚያ፣ እንዳይቀዳ፣ ትንፋሿን ያዘች።