ድልድይ ሠሪው ሽማግሌ

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች መካከል አንደበት የከበረና የተመረጠ መሆኑን አስተዋይ አንባቢ አይስተውም፤ ነገር ግን ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ ሁሉ አንድ ሥራ የሚሠራ አይምሰለን፤ አንዱ ሰሚ ሳይሻ ይናገራል፥ አንዱ ፍሬ ሳያፈራ ይጨዋወታል፥ አንዱ ልቡን ሸሽጎ ያማረ ቃል ይላል፥ ከብዙዎቹም ጥቂቱ ብቻ ይነግራል። ይህን ምሥጢር በሽምግልናቸው ወራት ከእንግሊዝ ልሳን የተማሩ አንድ ሊቅ ነበሩ፤ እኔም ታሪካቸውን ስጽፍ ሳቄን መግታት አልቻልሁም።

ሊቁ መሪጌታ ሐዋዝ በቅኔ የመጠቁ፥ በትርጓሜ የረቀቁ ሲሆኑ፥ የባሕር ማዶውን ቋንቋ ሳላውቅ አልሞትም ብለው የደጃዝማቹን አስተርጓሚ ወጣቱን ተክለ አልፋን መምህር አድርገው ያዙ። እርሱም ስፒክ ማለት ልሳንን ፈትቶ መናገር፥ ቶክ ማለት እየተቀባበሉ መነጋገር፥ ሴይ ማለት ቃሉን ከአፍ ማውጣት እንደሆነ ካስረዳቸው በኋላ፥ ቴል ግን ነገሩን ተሸክሞ ለሰሚው ማድረስ ነውና ያለ ሰሚ አይሆንም አላቸው። መሪጌታ ይህን እንደ ዜማ ሲያጠኑ፥ ከመጋረጃው ወዲያ ጥጥ የምትፈትለው ልጃቸው ወለተ ሕይወትም ታጠና ነበር፤ መምህሩም ድምፁን ወደ ተማሪው ሳይሆን ወደ መጋረጃው ያዘነብል ነበር።

ዳሩ ግን የደስታ ወራት አጭር ነውና፥ የደጃዝማቹን ድልድይ የሠራው እንግሊዛዊ ሚስተር ፔንሮዝ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ባሕር ሊወርድ ሲሰናዳ፥ ተክለ አልፋ አብሮት ሄዶ ዓመት እንዲቆይ ታዘዘ። ሳያጭ ቢሄድ ወለተ ሕይወት ለሌላ እንደምትሰጥ አውቆ እንቅልፍ አጣ፤ ወላጅ አልባና ባይተዋር ነበረና፥ ከሁለት የደብር አዛውንት ጋር ወዳጁን ድልድይ ሠሪውን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ሽማግሌ ቆሞ እንደሚለምን፥ እሺ ሳይባልም እንደማይቀመጥ ለእንግዳው ነገረው፤ ለሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ነውር መሆኑን መንገር ግን ዘነጋ።

አዛውንቱ በደጁ ቆመው ስለ ዝናሙና ስለ አዝመራው፥ ስለ ዘር መልካምነትና ስለ ዝምድና ክብር ብዙ አሉ፤ መሪጌታም እንደ ወጉ ራሳቸውን ነቅንቀው ዘመድ ላማክር፥ ሌላ ቀን ተመለሱ አሏቸው። አዛውንቱ ደስ ብሏቸው እጅ ሲነሡ፥ ፔንሮዝ ግን ወዳጁ የተከለከለ መሰለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፥ ራሱስ ከተመለጠ ቆይቷልና፥ ባርኔጣውን አውልቆ ንቅንቅ አልልም አለ። የሚያስተረጉምለት የለም፤ አስተርጓሚው በቤቱ ተቀምጦ ይጨነቃል። ስለዚህ በገዛ ቋንቋው፥ ቀስ ብሎ፥ ዓይኑን ከመሪጌታ ሳይነቅል፥ ተክለ አልፋ ልጅቱን እንደሚወድ፥ ከሰንበት ማግስት እንደሚሄድ፥ ያለ መልስ ቢሄድም ልቡ ከዚህ ደጅ እንደሚቀር ነገራቸው።

አዛውንቱ በኀፍረት ኮቱን ይጎትቱ ጀመር። መሪጌታ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አደመጡ፤ ያለ መምህር የባዕድ ቃል ወደ ልባቸው ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበርና፥ ደስታው እንባ አመጣባቸው።

«አባቶቼ፥ እናንተ ተናገራችሁ፤ ተነጋገርንም፤ ያማረ ቃልም ብላችኋል። የነገረኝ ግን ይህ እንግዳ ነው። ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ ነውና፥ ግቡና ተቀመጡ» አሉ።

አዛውንቱ ወጉ ፈረሰ ብለው ሊያዝኑ ሲቃጣቸው፥ መቀመጡ ጉልበታቸውን ደስ አሰኘውና ተደላደሉ። መሪጌታም ወደ መጋረጃው ዘወር ብለው ልጃቸውን ምን ትያለሽ ሲሉ ጠየቋት።

«አባቴ ሆይ፥ እኔማ ለእናቴ ከነገርኋት ሰነበተ» አለች።

ከጓዳ የእናቲቱ ሳቅ ተሰማ፥ እልልታውም ተከተለ፤ ተክለ አልፋም በመንደሩ ማዶ ሰምቶ ባዶ እግሩን ሮጠ። አራቱን ግሥ ጠንቅቀው ያወቁት ሊቅ በገዛ ቤታቸው ወሬውን ከሁሉ በኋላ የሰሙት እርሳቸው ሆኑ፤ ቃል ከአፍ በወጣ ጊዜ ገና መንገደኛ ነውና፥ ቤቱ የሚገባው ሰሚ ልብ ደጁን ሲከፍትለት ነው።