ሁለቱም በእግራቸው ይምጡ

ነስሮ ጆንያውን ከአህያዋ ላይ አውርዶ እትዬ ለተማርያም ግቢ ውስጥ ሲፈታው ሥጋ ነበር። የሁለት ፍየል ሥጋ።

እትዬ ለተማርያም ለልጅ ልጃቸው ለባርኮት ክርስትና ሁለት ፍየል አዘውን ነበር፤ በእግራቸው የሚመጡ። አንዱን ለክርስቲያኑ እንግዳ የእሳቸው ሰው ያርደዋል፣ ሌላውን ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ሙስሊም ያርደዋል። ሐረር ውስጥ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ወንድሜ ነስሮ ደግሞ ሚስት ሊያገባ የደረሰ ሰው ነው።

"ምን አደረግህ?" አልኩት።

"አቦ ተይኝ ሰልማ። ባለፈው ኤረር በር ገበያ ላይ የደላላው የሳኒ ሰዎች የፍየሎቹን ገመድ ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ አልወሰዱብኝም? ሥጋ ማን ይነጥቀኛል ብዬ ነው። ደግሞ ቢስሚላህ ብዬ ነው ያረድኩት።"

"ሁለቱንም?"

እጁን ከጆንያው ላይ አነሳ። ያኔ ነው የገባው።

እትዬ ለተማርያም ወደ ጆንያው አጎንብሰው አዩ። "አንዱን ለጎረቤቶቼ እወስዳለሁ። ነገ ለእኔ እንግዶች ምን ላቅርብ? ጎመን?"

ከዩኒቨርሲቲ ወደ መንደራችን ድሬ ጠያራ የተመለስኩት አባቴን ማሽላውን እንዳይነቅል ለማሳመን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ማሽላውን ነቅሎ ጫት ሲተክል እሱም መቆፈሪያውን አንስቶ ነበር። ፍየሎቹ አገዳውን ይበላሉ፣ ፍጋቸው ማሳውን ይመግባል፣ እኛም ያለ ደላላ ለከተማ ቤቶች እንሸጣለን አልኩት። "እስቲ አንድ ቤት አሳይኝ" አለኝ። ያ አንድ ቤት ይኸው ነበር።

"ያቺን ትልቋን ፍየላችሁን አምጪልኛ" አሉኝ እትዬ።

"እሷ እርጉዝ ናት እትዬ። እናቲቱን ካረድን ለከርሞ ምን እንሸጥልዎታለን?"

"እንግዲያው ከሳኒ እገዛለሁ። ምን ላድርግ ልጄ?"

"አብሬዎት እሄዳለሁ" አልኩ። ነስሮንም አስከተልኩት።

ሳኒ ኤረር በር አጠገብ ፍየሎቹን አስሮ ቆሟል። ሲያየኝ ለጓደኞቹ ጠቀሰ። "ተማሪዋ መጣች። ምነው፣ ዲግሪው አልወልድ አለ?"

ሳቁ። እኔ የመጀመሪያውን ፍየል ግራ ጎን በጡጫዬ ገፋ አደረግኩት። ሆዱ ውስጥ ውኃ ተንቦጫቦጨ።

"ይሄ ጨው አልሰውት ውኃ የተነፋ ነው" አልኩ፣ ገበያተኛው እንዲሰማ። ሁለተኛውን ነካሁ። "ይሄም።" ቀጥሎ ያለውን። "ይሄማ ሊፈነዳ ነው።"

አጠገባችን ስትከራከር የነበረች ሴት የያዘችውን ገመድ ለቀቀች።

ሳኒ መሳቁን ተወ። "አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን አትዝጊ።"

"አንተ የማንን እንጀራ ነው የምትበላው? ከእኛ እጅ ነጥቀህ፣ ውኃ ሞልተህ ለእሳቸው ትሸጣለህ።"

ከከተማው ግንብ ሥር፣ ገና አሁን የመጣ አንድ ጥቁር ወጠጤ ታስሯል። ሆዱን ነካሁት፤ ጠጣር ነው።

"ይሄን ይውሰዱ እትዬ። ከሲታ ነው፣ ግን ያዩት ሁሉ ሥጋ ነው።"

እትዬ ለተማርያም ቦርሳቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። "እርስዎ አይከፍሉም።" ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ለጫት የያዘውን ጭምር አራግፎ ለሳኒ ከፈለ።

ወጠጤውን እየጎተትን ስንመለስ ገመዱን የለቀቀችው ሴት ደረሰችብን። "እናንተ ዘንድ ፍየል አለ እንዴ?"

"ድሬ ጠያራ ነን። ስታዝዢን ቤትሽ ድረስ እናመጣለን።"

"በሕይወቱ?"

ነስሮ መሬት መሬቱን አየ።

"በሕይወቱ" አልኳት። "እኔ ራሴ ነኝ የማመጣው።"