በአውድማው ላይ ያለፈው ካንቤራ

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ከጉና ተራራ በኩል፣ ከደመናው ውስጥ፣ ባዶ ጋን ውስጥ ድንጋይ እንደሚንከባለል ያለ ጉርምርምታ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጠው አሰለፈች ሚዛኗን አንጠልጥላ ቀረች። ባለጋሪው የፈረሱን ልጓም ሳብ አደረገ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንዲህ ሆነናል፤ ሰማይ ሲያጉረመርም ወደ ላይ የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ወደሚገባበት በር ነው።

ሱቄ ውስጥ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል።

«ሁለት ሞተር» አሉ ጋሽ ዳኛቸው።

«ሁለት መሆኑንማ አሰለፈችም ታውቃለች» አሉ ጋሽ ሙላቴ። «የጄት ድምፅ ነው እኮ የምልህ።»

«ጆሮህን ለቆራሌው ሽጠው። ፕሮፔለር ነው። ሕዝብ ጭኖ ከላሊበላ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ነው።»

ድምፁ ከራሳችን በላይ አልፎ ወደ ሐይቁ በኩል ራቀ። አውሮፕላኑን ማንም አላየውም። አሰለፈች ሚዛኗን አወረደች። ባለጋሪው ተሳደበና ሄደ።

የሬዲዮና የስልክ ጥገና ሱቅ ነው ያለኝ፤ አንድ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው የከፈትኩት። ሰፈርተኛው «ተስፋነህ ከሰው ይልቅ ከሬዲዮ ጋር ይግባባል» ይለኛል። ውሸት አይደለም። ከሰው የምግባባው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲመጡ።

ጋሽ ዳኛቸው ድሮ አየር ኃይል ውስጥ፣ ካንቤራ በሚባለው ቦምብ ጣይ ጄት ላይ ናቪጌተር ነበሩ፤ መንገድ የሚመሩ፣ ቦምቡንም የሚያነጣጥሩ። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በስተኋላ፣ በሆዳቸው ተኝተው መሬቷን ከሥራቸው ስትሮጥ ያዩ ነበር። ጋሽ ሙላቴ ደግሞ ደብረ ዘይት መሬት ላይ ቦምብ የሚጭኑ ነበሩ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ሁለቱም አንዳንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። እኔ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ግድግዳዬ ላይ ያለውን የካንቤራ ሥዕል የሣልኩት እነሱ እየነገሩኝ ነው። ጋሽ ሙላቴ ጅራቱን አራት ጊዜ አስፍቀውኛል፤ «ይኼ የዶሮ ነው» እያሉ።

ታሪካቸውን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዱን ታሪክ ጋሽ ዳኛቸው ብዙ ጊዜ ደጋግመውታል፤ ዳዊት በቃሉ እንደሚደግም ሰው፣ ድምፃቸው ሳይነሣ ሳይወድቅ፣ አንዳንዴ እያንቀላፉ። ያ ታሪክ በታኅሣሥ ስልሳ ሰባት፣ ከልምምድ ሲመለሱ፣ በእብናት በኩል ዝቅ ብለው ያለፉበት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ይህን ታሪክ ሲያወሩ አንድ ገበሬ ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ ነበር። አያ ቢሆነኝ ይባላል፤ ከእብናት ገጠር ነው። ሬዲዮው በሩብ ሰዓት ተሠራለት። እሱ ግን አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ።

ዛሬ አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ አያ ቢሆነኝ በሩ ላይ ታየ። ሬዲዮ አልያዘም። ቀኝ እጁ ጋቢው ሥር ተጨብጦ ነበር። ሰላምታ ተሰጣጠን፤ ጋሽ ሙላቴ ጠጋ ብለው አስቀመጡት።

«ያን የእብናቱን ወሬ ድገሙልኝ» አለ ለጋሽ ዳኛቸው። «በእመቤቴ።»

ጋሽ ዳኛቸው ደስ አላቸው። ጠያቂ ካገኙ ስንት ዘመናቸው! ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልምምዱን ጨርሰን ስንመለስ አብራሪው ‹ዳኜ፣ ያንተ አገር ይኼ አይደል? ሰላም እንበላቸው እንዴ?› አለኝ። እኔ በሆዴ ተኝቻለሁ። ማሳው ታጭዶ ራቁቱን ነው። አውድማ ከላይ ስታየው በእበት ስለተለቀለቀ ክብ ሆኖ፣ ነጣ ብሎ፣ እንደ ሳንቲም ነው። ‹ያቺን ክብ ያዛት› አልኩት...»

«በአውድማዋ ራስ ላይ ምን ነበር?» አለ አያ ቢሆነኝ።

«ሁለት ዋርካ። በመካከላቸው ነው የገባነው። ገለባው ተነሥቶ ተከተለን! የሰዎቹ ጥርስ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። ይስቁ ነበር።»

«አልሳቅንም» አለ አያ ቢሆነኝ።

ጋሽ ሙላቴ የያዙትን ሽንብራ ቆሎ ወደ አፋቸው ሳያደርሱ ቀሩ።

«ያ አውድማ የአባቴ ነው» አለ። ሳይቆጣ፣ ሩቅ መንገድ በእግሩ እንደመጣ ሰው ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው። «ስድስት በሬ አንገት ለአንገት አስረን እናበራይ ነበር። የዳሩን በሬ ገመድ የያዝኩት እኔ። ወንድሜ አያ ይሻው መሐል ገብቶ በመንሽ ያገላብጣል። እኛ ዘንድ አውድማ ላይ ገመድ የያዘ ሰው አይለቅም። ንብ ቢነድፈው አይለቅም። እናንተ መጣችሁ። በሬዎቹ ሲደነብሩ ገመዱ እጄን ቆርጦኝ ወጣ። አያ ይሻው ከሥራቸው ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ።»

«አቤት!» አሉ ጋሽ ሙላቴ።

«አባቴም እሱም ያሉት አንድ ነው። ‹አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ነው ያለፈ፤ አንተ ፈርተህ ስትለቅ ነው በሬው የደነበረ።› ጎረቤት ሁሉ ማሳው ላይ ተበትኖ ነበር፤ እኔን የሚመሰክር፣ ከቅርብ ሆኖ ያየ የለም። ሃምሳ ዓመት አያ ይሻው ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አልቆረሰም። የእናታችን ቀብር ላይ እሱ በወዲያ እኔ በወዲህ ነው የቆምን።»

«አሁንስ?» አልኩት እኔ።

«አሁን ተኝቷል። አይነሣም። የነፍስ አባታችን ንስሐ ሲያስገቡት ‹ቢሆነኝን ይቅር ብዬዋለሁ በሉት› አለ አሉ። ይቅርታውን ላከብኝ። ያላጠፋሁትን ይቅር ብሎኝ ሊሞት ነው።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ዳኛቸው ዞረ። «የእብናት መኪና በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። አብረን እንሂድና ይቺን ያወሩትን እሱ ፊት ይበሉልኝ። ዝቅ ብለን ነበር ይበሉት። ሌላ አልፈልግም።»

ጋሽ ዳኛቸው ቆባቸውን ፈለጉ። ሁልጊዜ የሚሰቅሉት ምስማር ላይ ነው፤ እንደረሱት ጭናቸውን ዳበሱ።

«ወሬ ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ወሬ ሲደጋገም ዝቅ ይላል። ደግሞ ሕግ አለ። ከአምስት መቶ ጫማ በታች መውረድ ክልክል ነበር። ሽቅብ ከፍ ብለን... እንዲያው እኔ ለጨዋታ ነው...»

«ዳኜ» አሉ ጋሽ ሙላቴ ቀስ ብለው።

«ምን ዳኜ ትለኛለህ? አንተ መሬት ላይ ነበርክ!»

«መሬት ላይ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ሲመለስ ያጸዳሁትም እኔ ነኝ። ከሞተሩ አፍ ገለባ ስለቅም አመሸሁ። ስቄ ነበር ያኔ።»

አያ ቢሆነኝ ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። መዳፉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የገረጣ ጠባሳ አለ። እያሳየን አልነበረም፤ እጁ ደክሞት ነው የዘረጋው።

«ይሁን እንግዲህ» አለ። «እሱም ያለው ይኼንኑ ነው። ከፍ ብሎ ነው ያለፈ።»

ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ባላወጣው ደስ ይለኝ ነበር። እነዚህን ሽማግሌዎች እወዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ወሬ በቀር በዓለም ላይ ያላቸው ነገር ትንሽ ነው፤ እኔም ከእነሱ ወሬ በቀር ሰማይ የለኝም። ግን መበየጃውን ነቀልኩና ደብተሩን አወጣሁ። ገጹን ለመፈለግ አልቸገረኝም።

«‹ያቺን ክብ ያዛት አልኩት›» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «‹አብራሪው ሻምበል የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደፋ። መሬቷ ወደ እኔ መጣች። ሁለቱን ዋርካ በግራና በቀኝ ቀና ብዬ ነበር የማያቸው። ከፍታችን መቶ ጫማ...›»

ጋሽ ዳኛቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። እጃቸውን አነሡ።

«መቶ አይደለም» አሉ።

ቆምኩ።

«ስልሳ ነበር። መቶ ያልኩህ እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው። አብራሪው መቶ ላይ ሊያቀና ሲል ‹ትንሽ ዝቅ በል› ያልኩት እኔ ነኝ። ክቧንም የመረጥኳት እኔ ነኝ። ሌላም አውድማ ነበረ፤ እሷ ታምር ነበር።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ገመድ የያዘ ሰው አየሁ። ስንደርስ ገመዱን እንደያዘ ነበር። በሬዎቹ ሲጎትቱት በደረቱ ወደቀ፤ ያኔም አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ አልፈናል።»

ሱቁ ውስጥ አንድ የተከፈተ ሬዲዮ ብቻ ሽሽ ይል ነበር። አጠፋሁት።

ጋሽ ዳኛቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ቆባቸውን ከምስማሩ አወረዱና አደረጉ። ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር።

«ተነሥ ወንድሜ» አሉት። «መኪናው ሳያመልጠን። እሱ ፊት እለዋለሁ። ከፈለገ ይርገመኝ።»

አያ ቢሆነኝ መዳፉን ለብዙ ጊዜ ተመለከተ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። «ያየኝ ሰው ነበረ፤ ይበቃኛል» አለ ቀስ ብሎ፣ ለእጁ። ከዚያ ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ አንድ በአንድ አየን፤ ጋሽ ዳኛቸውንም እንደ እኛው ነው ያየው፤ ምንም ሳይጨምርላቸው፣ ምንም ሳይቀንስባቸው። ከደጃፉ ወጣ።

ጋሽ ዳኛቸው ተከተሉት። እኔም ከኋላቸው ወጣሁ። መናኸሪያው ቁልቁል ነው። አያ ቢሆነኝ በአሰለፈች ሽንኩርት አጠገብ አለፈ፤ አስፋልቱ ላይ ደረሰ፤ ዳገቱን ወደ ላይ ያዘ።

«መናኸሪያው በዚህ ነው!» ብለው ተጣሩ ጋሽ ዳኛቸው።

አልዞረም። ከገበያ በሚመለሰው ሰው መሐል ነጭ ጋቢው ከሌላው ነጭ ጋቢ ጋር ተደባለቀ።